የትንሽ ልጅ ልደት ሐይቅ ዳር፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለሚነሱ ቤተሰቦች ዝርዝር መመሪያ

ልጃችሁ አራት ወይም አምስት ዓመት ሊሞላው ነው። ሳሎን ውስጥ ፊኛ ሰቅሎ፣ ሻማ አብርቶ፣ ፎቶ ተነስቶ መበተኑ ዘንድሮ አላማራችሁም። ወጣ ብለን እናክብርለት ብላችኋል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ትንሽ ልጅ ይዞ መውጣትና ከጓደኛ ጋር ሽር ማለት ለየቅል ናቸው።

የሁሉም ነገር መነሻ የልጁ ሰዓት ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በደንብ ተኝቶ ከተነሳና ሆዱ ከሞላ ሁሉም ነገር ያስደስተዋል። እንቅልፉ ሲመጣ ወይም ሲርበው ደግሞ ኬኩም ጀልባውም አይታየውም። ስለዚህ ፕሮግራሙን በትልልቆቹ ምቾት ሳይሆን በእሱ እንቅልፍና ረሃብ አውጡት። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ላሉ ልጆች ይሆናል። ለሴትም ለወንድም ያው ነው፤ ለአጻጻፍ እንዲቀለኝ ግን “እሱ” እያልኩ ልቀጥል።

1. ቦታውን ወስኑ

ልደት ውጭ ሲባል ብዙ ወላጅ መጀመሪያ ትዝ የሚለው አዲስ አበባ ነው። አንድነት ፓርክ አለ፣ እንጦጦ ፓርክ አለ፣ የልጆች መጫወቻ ያላቸው ሞሎች አሉ። ዘመድ ጥየቃ የምትሄዱ ከሆነ ልደቱን እዚያው ማድረግ ያዋጣል። ሁለት ነገር ግን አስቡበት።

አንደኛው መንገዱ ነው። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ የዋለ ልጅ በማግስቱም ይነጫነጫል። የደረሳችሁበትን ቀንና ማግስቱን ለዕረፍት ተዉት። ልደቱ ሦስተኛው ቀን ላይ ይዋል። ሁለተኛው ቁመት ነው። መጫወቻ ቦታ ያሉ ትልልቅ ማሽኖች የቁመት ገደብ አላቸው፤ የአራት ዓመት ልጅ ብዙዎቹ ላይ አይወጣም። “ባቡሩ ላይ ትወጣለህ” ተብሎ ሲፈነድቅ የከረመ ልጅ በር ላይ ተለክቶ ሲመለስ፣ ያንን ለቅሶ የሚያስቆም ኬክ የለም። ደውላችሁ አጣሩ። ካላጣራችሁ ቃል አትግቡ።

እኔ ግን ለዚህ ዕድሜ ሐይቅን፣ ከተማውም ውሃውም በዚሁ ስም የሚጠሩበትን ቦታ፣ እመርጣለሁ። ከደሴ በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ልጁ “ደረስን?” ብሎ ሳይሰለች ትደርሳላችሁ። ውሃ አለ፣ ጀልባ አለ፣ ሣር አለ፣ አሳ አለ። ለዕረፍት ከአዲስ አበባ ወሎ የመጣችሁ ቤተሰቦችም ልደቱ እዚህ እያላችሁ ከደረሰ፣ ኬክ ፍለጋ ከተማ ለከተማ ከምትዞሩ ይህንን ሞክሩት።

አንድ ነገር ግን አትቀላቅሉ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያቀኑት ታላቅ ገዳም፣ እዚያው ሐይቁ ላይ ነው። “ከሄድን አይቀር” ብላችሁ የልደቱ ፕሮግራም ውስጥ አታስገቡት። የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴቶች አይገቡም። እናት፣ አያትና እህቶች ውጭ ቆመው የሚጠብቁበት ልደት ምን ልደት ነው? ገዳሙ የራሱ ቀን ይገባዋል።

2. ቀኑን ምረጡ

የልደቱ ትክክለኛ ቀን ላይ ሙጭጭ አትበሉ። የአራት ዓመት ልጅ ግንቦት 12 ይሁን ግንቦት 15 አያውቅም። ልደቱ “ዛሬ ነው” ካላችሁት ዛሬ ነው። ጳጉሜ 6 ለተወለደ ልጅማ ትክክለኛው ቀን የሚመጣው በአራት ዓመት አንዴ ነው፤ እሱን ብትጠብቁ ትምህርት ቤት ይገባባችኋል።

መጀመሪያ ዝናቡን አስቡ። ሐምሌና ነሐሴ ውሃ ዳር ልደት ማቀድ ከሰማይ ጋር መወራረድ ነው። የደሴ ጭጋግም መንገዱን ይሸፍናል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ደግሞ የበልግ ዝናብ አለ፤ የሚመጣበት ሰዓት ስለማይታወቅ ጠዋትን ምረጡ። ከመስከረም ማብቂያ እስከ ጥር ያለው ጊዜ አንደኛ ነው።

ቀጥሎ ጾሙ። ወሎ ላይ እንግዳ ጠርቶ የጾም ቀን መርሳት አይቻልም። ረቡዕና ዓርብ አለ። ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም አለ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ፍልሰታ ነሐሴ ላይ ነው። ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ስለሚቀድም፣ አምና ያልነካችሁ ዘንድሮ ሊነካችሁ ይችላል። ልደቱ ረመዳን ውስጥ ከወደቀ ወደ ሐይቅ የሚደረገውን ጉዞ ለዒድ ማግስት አሸጋግሩት። ጾመኛ ዘመድን ከምግብ ፊት አስቀምጦ ፎቶ አንሱን ማለት ነውር ነው።

ከሳምንቱ ቀናት ቅዳሜ ጠዋት ይመረጣል። እሁድ የቤተ ክርስቲያን ሰዓት አለ፣ ከሰዓት በኋላም ቦታው ይጨናነቃል።

3. እንግዳውን ለሁለት ክፈሉት

ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ሚኒባስ 12 ሰው ይይዛል። ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ የመሥሪያ ቤት ሰው ከዚህ በላይ ነው። አንዱን ጠርታችሁ ሌላውን ብትተዉ ቅያሜ አለ። ሁሉንም ብትጭኑ ደግሞ ልጁ በሰው ብዛት ይደነግጣል። ልደቱ የእሱ መሆኑ ቀርቶ ድግስ ይሆናል።

መፍትሔው ቀላል ነው። በዋዜማው ማታ ወይም በዕለቱ ማለዳ እቤት ቡና አፍሉ። ድፎ ዳቦ ቁረሱ። ጎረቤቱንም ዘመዱንም ለቡናው ጥሩ። ከአቦል እስከ በረካ ሲጠጣ ትልልቆቹ ልጁን ይመርቁታል፤ “እደግ ተመንደግ” ይባላል፣ “አሚን” ይባላል። የወሎ ሰው ያለ ምርቃት የተደረገ ነገር እንደተደረገ አይቆጥረውም። ልጁም የአያቱን እጅ ራሱ ላይ ሲያገኝ ዕለቱ የእሱ መሆኑ ይገባዋል። ቡናው ላይ ልጁን በግድ አታስቀምጡት። ለምርቃቱ ይጠራ፣ ከዚያ ይሂድ ይጫወት።

ቡናው ሌላም ጥቅም አለው። ልደት ማክበርን በሃይማኖታቸው ምክንያት የማይወዱ ዘመዶች ይኖራሉ። እነሱን “ልደት ኑልን” ብሎ ከማስጨነቅ “ቡና ጠጡ” ማለት ይሻላል። ይመጣሉ፣ ይመርቃሉ፣ ይሄዳሉ። ማንም አይቀየምም።

ሐይቅ የሚሄደው ደግሞ ጥቂት ሰው ይሁን። ወላጆች፣ ወንድምና እህት፣ አያት ከቻሉ፣ ልጁ ራሱ ስማቸውን የሚጠራቸው ሁለት ሦስት ጓደኞች። የሰው ልጅ ከወሰዳችሁ ከእያንዳንዱ ልጅ ጋር አንድ አዋቂ ይምጣ። በዚህ ላይ አትደራደሩ፤ ምክንያቱን ውሃው ጋ ስንደርስ ታዩታላችሁ።

4. ምግቡን በአሳ ፍቱት

ወሎ ላይ ድግስ ሲደገስ “የማን እርድ?” የሚለው ጥያቄ አይቀርም። እቤት ቢሆን የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻ ይሠራል፣ ሁለት ምጣድ፣ ሁለት ቢላ። ሽርሽር ላይ ይህንን ማድረግ ራስን ማድከም ነው።

ሐይቅ ላይ መልሱ ውሃው ውስጥ ነው። አሳ እርድ አያስፈልገውም፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ሳህን ይበላል። ሦስት ነገር ብቻ አስተውሉ።

ቆሮሶ የሚባለውን ባለ ቅርፊት አሳ እዘዙ። አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው የማይበሉት ብዙ ክርስቲያኖች አሉ። አዝዛችሁ ከቀረበ በኋላ እጃቸውን ሲሰበስቡ ከማየት አስቀድሞ ቆሮሶ ማለት ይቀላል።

ዘይቱን ጠይቁ። “ሥጋ ያልተጠበሰበት ዘይትና መጥበሻ ይሁንልን” በሉ። ይህ ለሁለቱም ወገን ያስፈልጋል። አንዳንዴ አስተናጋጁ ነገሩን አቅልሎ ሊያየው ስለሚችል ኩሽና ድረስ ገብታችሁ ንገሩ።

በጾም ቀን ደግሞ ገምታችሁ አትወስኑ። በሌሎቹ አጽዋማት አሳ የሚበላም የማይበላም አለ፤ በዐቢይ ጾም ግን አይበላም የሚለው ይበዛል። ለማይበሉት ከቤት ምስር፣ ጎመንና ሰላጣ ይዛችሁ ሂዱ። ሽሮውን እዚያው ማዘዝ ይቻላል።

አሁን ወደ ልጁ እንመለስ። አሳ አጥንት አለው። ለልጅ ሙሉ ጥብስ አሳ ፊቱ አታስቀምጡ። አንድ አዋቂ ከጀርባው ወፍራም ሥጋውን ያንሳለት፣ በጣቱ እየዳበሰ አጥንቱን ይልቀምለት፣ ከዚያ ይስጠው። እያወራና እየሮጠ አሳ አይበላም፤ ተቀምጦ ነው። ይህንን ማድረግ ካልቻላችሁ ለልጆቹ ሌላ ነገር አብሉ። የተቀቀለ እንቁላል፣ ድንች፣ ሙዝ፣ ዳቦ በቂ ነው። እውነቱን ለመናገር ልጆቹ የሚወዱትም እሱን ነው።

አሳ እስኪጠበስ ጊዜ ይወስዳል፤ ሰው ከበዛ አንድ ሰዓት ሊያልፍ ይችላል። እንደደረሳችሁ እዘዙ። እንዲያውም በዋዜማው ደውላችሁ ስንት ሰው እንደሆናችሁ ተናገሩ።

5. ኬኩ

ሁለት ሦስት ቀን አስቀድማችሁ እዘዙ። የልጁን ስም በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ፤ በስልክ የተነገረ ስም ኬክ ላይ ሌላ ሆኖ ይወጣል። ጾመኛ እንግዳ ካለ የጾም ኬክ እዘዙና ለሁሉም እሱ ይሁን። ያለ እንቁላል፣ ያለ ወተት፣ ያለ ቅቤ በዘይት ይሠራል። ሁለት ኬክ ማዘዝ ወጪም ነው፣ ልጆቹንም “የኔ የቱ ነው?” ያጣላል።

ክሬም የበዛበት፣ ፎቅ ለፎቅ የተደረደረ ኬክ ለመንገድ አይሆንም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ሐይቁ ደግሞ 2,000 ሜትር አካባቢ። ስትወርዱ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ክሬሙ መላላት ይጀምራል። ዝቅ ያለ፣ ጠፍጣፋ፣ ክሬሙ ስስ የሆነ ይሻላል። ካርቶኑን ጭን ላይ አትያዙ። ወንበር ላይም አታስቀምጡ፤ የመኪና ወንበር ወደኋላ ያዘነበለ ነው። የመኪናው ወለል ላይ፣ እንዳይንሸራተት ሥሩ ነጠላ ወይም ጋቢ አንጥፋችሁ አስቀምጡ። ከኮምቦልቻ የምትነሱ የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት ስትወጡ ይህ ይበልጥ ይገባችኋል። ኬኩን ደሴ ላይ ማዘዝና በመንገዳችሁ ማንሳት ከመጠማዘዣው ያድናችኋል።

ሻማ፣ ክብሪት፣ ቢላ፣ የወረቀት ሳህን አትርሱ። ክብሪቱ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

6. መጓጓዣና ጓዝ

ኮንትራት ሚኒባስ ያዙ፤ ሹፌሩ እዚያው ቆሞ እንዲጠብቅ ተስማሙ። ከሐይቅ ከተማ ወደ ውሃው ባጃጅ ቢገኝም፣ ልጅ ታሞ ወይም ዝናብ መጥቶ ቶሎ መመለስ ብትፈልጉ መኪናው አጠገባችሁ መሆን አለበት። ቆሞ የሚጠብቅበትን ሒሳብ አስቀድማችሁ ጨርሱ። የመንገዱን ሁኔታም በዋዜማው መናኸሪያ ያሉ ሹፌሮችን ጠይቁ።

ልጅ ጋቢና አይቀመጥም፣ ጭን ላይም ሆኖ። ከኋላ፣ ከአዋቂ አጠገብ ይሁን። የሚያስመልሰው ልጅ ካለ ቁርሱን ቀለል አድርጉለት፤ ሻይና ዳቦ ይበቃል፣ ወተት ይቅርበት። ፌስታል እጃችሁ ላይ ይኑር።

ልብስ በንብርብር ይሁን። ደሴ ጠዋት ይበርዳል፣ ሐይቅ ሲደርስ ሹራቡ ይወልቃል። ሁለት ቅያሪ ልብስ፣ ፎጣ፣ ባርኔጣ፣ ሶፍት፣ የታሸገ ውሃ፣ ለመቀመጫ ምንጣፍ። ረዥም እጅጌና ሱሪም ያዙ። በተለይ ከክረምት በኋላ ወባ አለ፤ ትንኞቹ የሚወጡት ሲመሽ ስለሆነ ሳይመሽ መነሳት ነው። ለማደር ካሰባችሁ አጎበር ያለው ክፍል ያዙ።

7. ውሃው ዳር

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ሐይቅ ከላይ ሲያዩት የተኛ ይመስላል፤ ጥልቀቱ ግን መሐሉ ላይ ከ80 ሜትር ያልፋል። ትንሽ ልጅ ደግሞ ሲሰምጥ አይጮህም፣ አይንቦራጨቅም፤ ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚሄደው። “ሁላችንም እያየነው ነው” ማለት ማንም አያየውም ማለት ነው። ስለዚህ ጠባቂ በስም ይሰየም። “ከአሁን እስከ አምስት ሰዓት አንተ ነህ” ይባል። የተሰየመው ሰው ስልክ አይነካም፣ ቡና አያፈላም፣ ፎቶ አያነሳም። ሲደክመው በአፉ ተናግሮ ለሌላው ያስረክባል።

ምንጣፉን ከውሃው ራቅ አድርጋችሁ አንጥፉ። ጨዋታዎቹንም መርጣችሁ አጫውቱ። ኳስ አይሆንም፤ ኳሷ ውሃ ውስጥ ስትገባ ልጁ ሳያስብ ይከተላታል። ድብብቆሽም አይሆንም፤ ልጅ የሚደበቀው እናንተ የማታዩበት ቦታ ነው። ሰኞ ማክሰኞ፣ ገመድ ዝላይ፣ በማንኪያ ሎሚ ይዞ ሩጫ ይሆናል። ከረሜላ ሣር ውስጥ ደብቆ ማስፈለግም ለዚህ ዕድሜ ግሩም ነው፤ ሁሉም እኩል እንዲያገኝ ግን ቁጠሩት። አሸናፊና ተሸናፊ ያለበት ጨዋታ አታብዙ። ባለ ልደቱ ተሸንፎ ሲያለቅስ ማባበያው ይጠፋችኋል።

ውሃው ውስጥ አይግባ። ከመስጠም ሌላ ብልሃርዚያ የሚባል በሽታ አለ፤ ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ውሃ ውስጥ በቆመ ሰው ቆዳ በኩል ይገባል። እግሩን መንከር ካማረው በጀሪካን ከቤት ያመጣችሁትን ውሃ ሳፋ ውስጥ ጨምሩለት። ለእሱ ያው ውሃ ነው።

ጀልባው የቀኑ ትልቁ ደስታ ነው። በልኩ የሆነ የመንሳፈፊያ ጃኬት ካለ ይውጣ። የአዋቂ ጃኬት ለልጅ አይሆንም፤ ውሃ ላይ ሲወድቅ እሱ ከሥር ሾልኮ ይወጣል። በልኩ ካልተገኘ ጀልባውን ከዳር ሆኖ ይይ። የሚወጡትን ሰዎች ቁጥር እናንተ ቁረጡ፣ ባለ ጀልባው “አንድ ሰው ይጨመር” ቢልም እሺ አትበሉ። አጭር ዙር ይበቃል።

ፊኛ ጥለው ከሚሄዱት አትሁኑ። የፈነዳ ፊኛ ቁራጭ ትንሽ ልጅ አፉ ከገባ ጉሮሮው ላይ ይለጠፋል። ሲፈነዳ ወዲያው ልቀሙ፣ የተረፈውንም ይዛችሁ ተመለሱ። ወደ ሰማይ መልቀቅ የሚባለው ነገር ተመልሶ የሚወድቀው ውሃው ላይ ነው።

8. የዕለቱ ሰዓት

ከደሴ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሱ፤ ከኮምቦልቻ አንድ ሰዓት። ሦስት ሰዓት ላይ ደርሳችሁ አሳ እዘዙ። ከዚያ ልጁ ይሩጥ። ጀልባው ወዲያው ይሁን፤ ጠዋት ውሃው ይረጋል፣ ልጁም አልደከመም።

ኬኩን ከምሳ በፊት ቁረጡ። አውቃለሁ፣ ትልልቆቹ “ባዶ ሆድ ጣፋጭ?” ይላሉ። ግን ልጁ ካርቶኑን ካየ ጀምሮ ሌላ ነገር አያስብም። አራት ተኩል አካባቢ ቁረጡለትና ይገላገል። ከምሳ በኋላ ካላችሁ እንቅልፉ ይመጣል፣ ነፋሱም ይነሳና ሻማው አይበራም። ነፋስ ከቀደማችሁ ሻማውን መኪናው ውስጥ አታብሩ፤ ግድግዳ ተጠግታችሁ ወይም ቤት ውስጥ ገብታችሁ አብሩ።

ፎቶ ከኬኩ በፊት፣ ልብሱ ሳይቆሽሽ። ሁለት ሦስት ጊዜ አንሱና ተዉት። “ወደዚህ እይ፣ ሳቅ” እየተባለ የሚውል ልጅ ልደቱን ይጠላል።

ታላቅ ወንድም ወይም እህት ካለ ሥራ ስጡት። ሻማውን እሱ ይሰካ፣ ሳህን እሱ ያድል። ዝም ብሎ የሚያይ ልጅ ቅናቱን በሆነ መንገድ ያወጣዋል፤ ብዙ ጊዜ ክሬም ላይ ጣቱን በመክተት።

ምሳ አምስት ተኩል። ከዚያ ልጁ ጥላ ሥር ይተኛ። ቡናው የሚፈላው ያኔ ነው፤ ትልልቆቹም የልባቸውን ያወሩበታል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሱ።

ዝናብ ቢመጣስ? ፕሮግራሙን ማጠፍ ነው። ኬኩን ቤት ውስጥ ቆርጣችሁ፣ አሳውን በልታችሁ፣ መንገዱ ሳይጭለመለም መመለስ። ልጁ የቀረውን ጀልባ ከጠየቀ ቀን ቁረጡለት፤ “አንድ ቀን” አትበሉት።

ስትነሱ ፌስታሉን፣ የሻማ ቁራጩን፣ ሪባኑን፣ የአሳ አጥንቱን ሳይቀር ሰብስቡ። የተረፈውን ኬክ ሙቀት ስላገኘው ለነገ አታቆዩት፤ ለሹፌሩና ለአስተናጋጆቹ እዚያው አካፍሉ። ስጦታዎቹ ግን መኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይቆዩ። በማግስቱ ጠዋት፣ ጠግቦ ከተነሳ በኋላ፣ እቤት ይክፈታቸው።